የደዌ ምክንያትና የዘመድ ስም፤ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በሕዝብ ጤና ጥበቃ ያለው ሥራ

በሕዝብ ጤና ጥበቃ ሥራ ውስጥ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የንጽሕና ተቆጣጣሪውና በቤተ ሙከራ የሚሠራው ሊቅ የየራሳቸው የታወቀ ስፍራ አላቸው። ሐኪሙ በሽተኛውን ይመረምራል፤ የቤተ ሙከራው ሊቅ ደሙን ወይም አክታውን ያያል፤ የንጽሕና ተቆጣጣሪው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ከነዚህ ጋር አብሮ የሚሠራው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ግን ተግባሩ ምን እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይታወቅም። መርፌ አይወጋም፤ መድኃኒትም አያዝም፤ መሣሪያው ጥያቄ፣ ጆሮና የማስታወሻ ደብተር ነው። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶች ሕዝቡ የጤና ትእዛዝን እንዲቀበል የሚያባብል ሰው አድርገው ይገምቱታል። ሌሎችም ሐኪሞቹ ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ የባላገሩን ልማድ ለመጽሐፍ ማድመቂያ የሚሰበስብ አድርገው ያዩታል።

ሁለቱም ግምቶች ከሥራው ታሪክ ጋር አይስማሙም። በሕክምና ታሪክ ውስጥ የሰዎችን የዘመድ አጠራር በጥንቃቄ መመዝገብ በሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያገኘውን የበሽታ ምክንያት ያፈረሰበት ጊዜ አለ። ሽማግሌዎች ስለ ወረርሽኝ ያላቸውን ሕግ ማዳመጥ ከሐኪም ቤት የሸሸውን ሕዝብ ከሐኪሞቹ ጋር ያስታረቀበትም ጊዜ አለ። ከዚህ በታች የሥራው ጠባይ ባጭሩ ከተገለጸ በኋላ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ከኡጋንዳና ከኢትዮጵያ በተወሰዱ ሦስት ጉዳዮች ይመረመራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሥራው ጠባይ

የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ የሚባለው በአንትሮፖሎጂ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም ይህን በመሰለ ትምህርት ሠልጥኖ ሰዎች በኅብረት የሚኖሩበትን ሥርዓት የሚመረምር ሰው ነው። በሙያው በስሎ የሌሎችን ተመራማሪዎች ሥራ የሚመራና ለውጤቱ ኃላፊ የሚሆነው ከፍተኛ ተመራማሪ ይባላል። የከፍተኛ ተመራማሪው ተግባር በአራት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄውን ማቃናት ነው። ከባለሥልጣን የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ሕዝቡ ክትባቱን ለምን እንቢ አለ?» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ጥያቄ ጥፋቱ የሕዝቡ መሆኑን አስቀድሞ ወስኖ የሚነሣ ነው። የበሰለ ተመራማሪ ግን ጥያቄውን ከመቀበሉ በፊት ክትባቱ የተሰጠበት ቀን የገበያ ቀን ወይም የአዝመራ ጊዜ እንደ ነበረ፣ የመጣው ሰው ማን እንደ ሆነ፣ በማን በኩል እንደ ታወጀ፣ ከዚያ በፊትም በዚያው መኪና የመጣው ሰው ስለ ምን ጉዳይ መጥቶ እንደ ነበረ ይጠይቃል። እንዲህ ሲጠየቅ «እንቢታ» የተባለው ነገር ከፊሉ አለመመቸት፣ ከፊሉ ጥርጣሬ፣ ከፊሉም ጨርሶ አለመስማት ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው የቃል ጥንቃቄ ነው። በመጠይቅ ላይ የሚጻፍ ቃል ለጠያቂውና ለተጠያቂው አንድ ዓይነት ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ በመጠይቁ «ወባ ታምመህ ታውቃለህን?» ተብሎ ቢጻፍና ተጠያቂው ትኩሳቱን «ንዳድ» ብሎ የሚያውቀው ቢሆን፣ ሰውየው «አላውቅም» ሲል እውነት ተናግሯል፤ መዝገቡ ግን ሐሰት ይሆናል። «በቤትህ ስንት ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄም ቀላል ይምሰል እንጂ፣ ለትምህርት ከተማ የሄደው ልጅ፣ በቤቱ የሚያድገው የዘመድ ልጅና ሠራተኛዋ ይቈጠሩ ወይም አይቈጠሩ እንደ ሆነ ካልተወሰነ በየመንደሩ ልዩ ልዩ መልስ ያመጣል። ስለዚህ ከፍተኛው ተመራማሪ ጠያቂዎቹን ከማሰማራቱ በፊት እያንዳንዱን ቃል ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ ይፈትናል።

ሦስተኛው የጥናቱን መንገድ መምረጥ ነው። ስንት ሰው እንደ ታመመ ለማወቅ ቈጠራ ያስፈልጋል። ሰዎች ስለ በሽታው ምን እንደሚያስቡ ለመረዳት ቃለ መጠይቅና የቡድን ውይይት ይጠቅማሉ። የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን ለማነጻጸር ግን አብሮ መቀመጥ፣ ከለቅሶውም ከሠርጉም መዋል ግድ ነው፤ ሰው ለእንግዳ የሚናገረው ብዙ ጊዜ መሆን የሚገባውን እንጂ የሚሆነውን አይደለምና።

አራተኛው አደራ መጠበቅና ነገሩን በጊዜው ማስታወቅ ነው። ተጠያቂው የሚናገረው ስለ ገዛ አካሉ፣ ስለ ሚስቱ ወይም ስለ ልጆቹ ስለ ሆነ፣ ፈቃዱ አስቀድሞ ሊጠየቅ፣ ስሙም ሊሰወር ይገባዋል። ጥናቱ ከተፈጸመ በኋላም ሥራ ላይ የሚውለው ባለሥልጣኑና ሐኪሙ ሊያነቡት በሚችሉት አጭር ቃል ሲቀርብ ነው።

2. ኩሩ የተባለው በሽታ

ይህ አሠራር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከሚያሳዩት ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጠው በፓፑዋ ኒው ጊኒ ምሥራቃዊ ደጋ በሚኖረው በፎሬ ሕዝብ ላይ የወረደው ደዌ ታሪክ ነው። አገሩ በዚያን ጊዜ በአውስትራሊያ መንግሥት አስተዳደር ሥር ነበረ። በሽታውን ባላገሮቹ «ኩሩ» ይሉታል፤ ትርጓሜውም መንቀጥቀጥ ማለት ነው። በሽተኛዋ በመጀመሪያ አረማመዷ ይበላሻል፤ ቀጥሎ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ አንደበቷ ይተሳሰራል፤ ያለ ምክንያትም የምትሥቅበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ መቆም፣ መቀመጥና መዋጥ ይሳናታል። ከታመመች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት አታልፍም፤ የዳነም ሰው አልታየም።

ቪንሰንት ዚጋስ የተባሉት የመንግሥት ሐኪምና ካርልተን ጋይዱሼክ የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በ1957 ዓ.ም. በሽታውን መርምረው ለዓለም አስታወቁ። በዚያን ዘመን በየዓመቱ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች በኩሩ ይሞቱ ነበር። ለሊቃውንቱ እንቈቅልሽ የሆነባቸው በሽታው የሚመርጣቸው ሰዎች ነገር ነው። ከሟቾቹ የሚበዙት አዋቂ ሴቶች ነበሩ፤ ከነርሱ ቀጥሎ ወንድም ሴትም ልጆች ይታመማሉ፤ ጐልማሳ ወንዶች ግን በጣም ጥቂቶች ናቸው። በአንዳንድ መንደር ሴቶቹ ከማለቃቸው የተነሣ ለሦስት ወንድ አንዲት ሴት ብቻ የቀረችበት ጊዜ ነበር። እናት የሞተችባቸውን ሕፃናት ማሳደግም የአባቶች ዕጣ ሆነ።

ሐኪሞቹ ምክንያቱን በየአቅጣጫው ፈለጉ። በሽተኞቹ ትኩሳት ስለሌላቸውና በሰውነታቸው የተለመደው የተላላፊ በሽታ ምልክት ስላልታየ ተላላፊ አይደለም የሚል አሳብ አየለ። በምግባቸውና በአፈራቸው መርዝ ተፈልጎ አልተገኘም። በሽታው ግን በአንድ ቤተ ዘመድ መካከል ደጋግሞ ስለሚታይ በዘር የሚወረስ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በ1959 ዓ.ም. በአውስትራሊያ የነበሩት የውርስ ጥናት ሊቅ ቤኔትና ባልደረቦቻቸው ይህን አሳብ በሥርዓት አቀረቡት፤ ይኸውም በሽታውን የሚያመጣው ውርስ በሴቶች ላይ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ የሚያይል፣ በወንዶች ላይ ግን ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይገለጥ ነው የሚል ነበር። አሳቡ ሴቶች ለምን እንደሚበዙ ስለሚያስረዳ ብዙዎች ተቀበሉት።

አሳቡ በመጽሔት ብቻ የሚቀር ክርክር አልነበረም። በሽታው በደማቸው ያለ ከሆነ የፎሬ ሰዎች ወደ ሌላ አገር ሄደው ቢጋቡ ዘሩን ያሠራጩታል ተብሎ ተፈራ፤ ስለዚህ ከአካባቢያቸው እንዳይወጡ ስለ መከልከል ይመከር ጀመር። እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ነፃነት በአንድ የሳይንስ ግምት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

ፎሬዎቹም የራሳቸው ማስረጃ ነበራቸው። በሽታው ከመተት የመጣ ነው ይላሉ። መተተኛው ከሰውየው የተረፈውን ምግብ፣ ጠጕሩን ወይም የልብሱን ቍራጭ ሰርቆ በቅጠል ይጠቀልልና በረግረግ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ጥቅሉ እየበሰበሰ ሲሄድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል። በ1962ና በ1963 ዓ.ም. ሕዝቡ በትልልቅ ሸንጎ እየተሰበሰበ መተተኞቹ ሥራቸውን እንዲተዉ ተማጠነ፤ ሴቶቹ ካለቁ ሕዝቡ ይጠፋልና። ከዚህ እንደሚታየው ባላገሮቹ የአደጋውን መጠን ከማንም በፊት ተረድተውት ነበር።

3. የዘመድ ስምና የሥጋ ዝምድና

ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች፣ ሮበርት ግላስና ሸርሊ ሊንደንባውም፣ በ1961 ዓ.ም. ወደ ደቡብ ፎሬ ሄዱ። የተላኩበት ዋና ጉዳይ የዘር ሐረግ እንዲሰበስቡ ነበር፤ በሐረጉ በሽታው በዘር የሚወረስ መሆኑ ይረጋገጣል ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበርና። እስከ 1963 ዓ.ም. ድረስ በሁለት ጊዜ ጉዞ በዋኒታቤ መንደር እየተቀመጡ ሰዎቹን ስለ ወላጆቻቸው፣ ስለ ጋብቻቸውና ስለ ሟቾቻቸው ጠየቁ።

በዚህ ጊዜ አንድ መሠረታዊ ነገር ተገለጠላቸው። ፎሬዎች «ወንድሜ»፣ «እኅቴ»፣ «እናቴ» የሚሏቸው ሰዎች ሁሉ በሥጋ የተወለዷቸው አልነበሩም። አብሮ መኖር፣ ምግብ መካፈል፣ በጠብ ጊዜ መረዳዳት ባዕዱን ዘመድ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው አጠራር ከሥጋ ዘመድ አይለይም። ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም። በአገራችን የአጎት ልጅ «ወንድሜ» ተብሎ ይታወቃል፤ የጡት ልጅና የክርስትና ልጅም ከወለዱት ልጅ እኩል የሚታዩበት ቤት ብዙ ነው። የአገሩን ሥርዓት የማያውቅ ጸሓፊ እንዲህ ያሉትን ሁሉ በአንድ ሐረግ ቢያስገባቸው በወረቀቱ ላይ የሚታየው ዝምድና በደም ውስጥ የለም። በፎሬም ሆነ የተባለው ይኸው ነው፤ በሽታው በዘመዳሞች መካከል መመላለሱ እውነት ነበር፤ ዝምድናው ግን ሁልጊዜ የሥጋ አልነበረም።

ሁለተኛው ግኝት ስለ ጊዜ ነው። ሽማግሌዎቹ ኩሩን ጥንታዊ በሽታ ነው አላሉም። የመጀመሪያው በሽተኛ በመንደራቸው የታየበትን ጊዜ ያስታውሳሉ፤ አንዳንዶቹም በሽተኛዋን በስም ይጠራሉ። ምስክርነታቸው ከመንደር ወደ መንደር ሲነጻጸር በሽታው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በሰሜን ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሄደበት መንገድ ታየ፤ ወደ ደቡብ ፎሬ መንደሮች የደረሰውም በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት ነው። እንግዲህ በዘር የሚወረስ ገዳይ ደዌ በሁለት ትውልድ ውስጥ እንዲህ ሊበዛ፣ ከመንደር ወደ መንደርም በተራ ሊጓዝ አይችልም። በጽሑፍ ታሪክ የሌለው ሕዝብ ትዝታ በጥንቃቄ ሲመዘገብ የሒሳብ ሊቃውንትን ግምት የሚፈትን ማስረጃ ሆነ።

ሦስተኛው ግኝት ከለቅሶ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው። በፎሬ ዘንድ የሞተውን ዘመድ ሥጋ መብላት የቀብር ሥርዓት ክፍል ነበረ። ነገሩ ከጠላትነት ወይም ከረኃብ የተነሣ ሳይሆን ከሐዘንና ከፍቅር ጋር የተሳሰረ ነው፤ የማን ድርሻ ለማን እንደሚሆንም በዝምድና ሥርዓት የተወሰነ ነበር። ፎሬዎቹ ልማዱ ወደ እነርሱ የገባው በቅርብ ትውልድ፣ ከሰሜን ጎረቤቶቻቸው መሆኑን ተናገሩ። በዚህ ሥርዓት የሚሳተፉት በተለይ ሴቶች ሲሆኑ ልጆቻቸውም ከእናቶቻቸው እጅ ይበላሉ። ጐልማሳ ወንዶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ይርቁታል፤ ወንዶች ልጆችም ከፍ ሲሉ ከእናታቸው ተለይተው ወደ ወንዶች ቤት ስለሚገቡ ከልማዱ ይለያሉ። የሚበሉት ሰዎች ዝርዝርና የሚታመሙት ሰዎች ዝርዝር ጐን ለጐን ሲቀመጡ ተገጣጠሙ።

ሰው ከመብላት ጋር የሚያያይዘው ግምት ቀደም ብሎም በአንዳንዶች ተነሥቶ ነበር፤ ሆኖም ማን እንደሚበላ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚበላ፣ ከማንም እንደሚቀበል የሚያሳይ ማስረጃ ስላልነበረ ተትቶ ቀርቷል። ግምቱን ወደ ማስረጃ ያደረሰው በየቤቱ ተቀምጦ መጠየቅ ነው።

በቤተ ሙከራ በኩልም ሥራው ተፋጥኖ ነበር። ዊልያም ሐድሎው የተባሉት የእንስሳት ሐኪም በ1959 ዓ.ም. ኩሩ በበጎች ላይ ከሚታየው ስክሬፒ ከተባለው ተላላፊ በሽታ ጋር እንደሚመሳሰል አመለከቱ። ከዚያ በኋላ በኩሩ ከሞቱ ሰዎች አንጎል የተወሰደ ናሙና ለቺምፓንዚዎች ተሰጠ፤ እንስሳቱም ሁለት ዓመት ያህል ከቈዩ በኋላ ታመሙ። ጋይዱሼክ፣ ጊብስና አልፐርስ ይህን በ1966 ዓ.ም. አስታወቁ። በ1968 ዓ.ም. ሐኪሙ ጆን ማቲውስ ከግላስና ከሊንደንባውም ጋር ሆነው የልማዱንና የበሽታውን ግንኙነት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አብራሩ። በ1976 ዓ.ም. ጋይዱሼክ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የዚህ ዓይነት በሽታ ምክንያት ፕሪዮን የተባለ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን መሆኑን ስታንሊ ፕሩሲነር በ1982 ዓ.ም. አቅርበው በ1997 ዓ.ም. እርሳቸውም ይህንኑ ሽልማት አገኙ።

ልማዱ በአስተዳደሩና በሚስዮናውያን ግፊት እስከ 1960 ዓ.ም. ገደማ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ በሽታው አስቀድሞ ከሕፃናት፣ ቀጥሎ ከወጣቶች ላይ ጠፋ፤ ልማዱ ከቀረ በኋላ ከተወለዱት መካከል በኩሩ የታመመ አልተገኘም። ይሁን እንጂ በልጅነታቸው የተያዙት አንዳንዶች ከብዙ ዓመት በኋላ ታመዋል። በ2006 ዓ.ም. በወጣ ጥናት ከ1996 እስከ 2004 ዓ.ም. 11 በሽተኞች መገኘታቸው ተገልጿል፤ በሽታው በሰውነት ተሰውሮ ከ50 ዓመት በላይ ሊቈይ እንደሚችልም ከዚሁ ታውቋል። ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ የተመዘገቡት ሟቾች ከ2,700 ይበልጣሉ። በ1996 ዓ.ም. በብሪታንያ ከከብቶች ወደ ሰው የተላለፈ ተመሳሳይ የአንጎል በሽታ በታወቀ ጊዜ ሊቃውንቱ ወደዚህ የፎሬ መዝገብ ተመልሰዋል።

4. የአቾሊ ሽማግሌዎች ሕግ

የኩሩ ጥናት ዓመታት የወሰደ ነው። ወረርሽኝ ሲነሣ ግን ተመራማሪው የሚሰጠው ጊዜ የሳምንታት ብቻ ነው። በ2000 ዓ.ም. በሰሜን ኡጋንዳ በጉሉ አውራጃ የኢቦላ በሽታ ተነሣ፤ ወረርሽኙ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ እስኪያበቃ ድረስ በአገሩ ከታመሙት 425 ሰዎች 224ቱ ሞተዋል። ብዙዎች በሽተኞቻቸውን ሸሸጉ፤ ከሐኪም ቤትም የሸሹ ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅት ባሪ ሂውሌት የተባሉትን አንትሮፖሎጂስት ወደዚያ ላከ።

ተመራማሪው ያገኙት ነገር ይህ ነው። የአቾሊ ሕዝብ በድንገት መጥቶ ብዙ ሰው የሚወስድን ደዌ «ጌሞ» ብሎ ከሌላው በሽታ ይለየዋል። ሽማግሌዎች በሽታው ጌሞ ነው ብለው በፈረዱ ጊዜ የዘወትሩ ሥርዓት ቀርቶ ሌላ ሕግ ይቆማል። በሽተኛው ከሌሎች ቤቶች ቢያንስ 100 ሜትር በራቀ ቤት ለብቻው ይቀመጣል፤ ጠያቂ አይገባበትም። የሚያስታምመው ከዚያው በሽታ የዳነ ሰው ነው። በቤቱ ደጃፍ ረዣዥም የሣር አገዳዎች ተተክለው ለመንገደኛ ምልክት ይሆናሉ። ጭፈራ ይቀራል፤ ከመንደር ወደ መንደር መሄድ ይከለከላል። የዳነውም ሰው አንድ ሙሉ ጨረቃ እስኪያልፍ ድረስ ከሰው አይቀላቀልም። በዘወትር ጊዜ ሬሳ የምታጥበው የአባት እኅት ስትሆን፣ በጌሞ ጊዜ ግን ይህ ተለውጦ ቀብሩ ከመንደሩ ዳር ይሆናል።

ይህን ሕግ የሚያነብ ሐኪም ራሱ ሊያዝ ካሰበው ትእዛዝ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ያስተውላል። እንግዲያውስ ሕዝቡ የሸሸው ስለ ምንድን ነው? ዋናው ምክንያት በሐኪም ቤት የሞቱት ዘመዶች ሳያዩአቸው በከረጢት ተጠቅልለው በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ይቀበሩ ስለ ነበር ነው። ሬሳውን ያላየ ዘመድ የሬሳው አካል ተቈርጦ እንደ ተሸጠ ጠረጠረ። ስለዚህ የቀረበው ምክር ቀላል ነበር፤ ዘመድ በሩቅም ቢሆን የሟቹን ፊት ይይ፤ የሚቀበርበትም ቦታ ይነገረው።

ይህ ትምህርት በቶሎ በሁሉ ዘንድ አልተሠራበትም። በ2014 ዓ.ም. ኢቦላ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን በበረታ ጊዜ የቀብር ጠብ እንደገና ተነሣ። በዚያው ዓመት በመስከረም ወር በጊኒ ዎሜ በተባለ መንደር ስለ በሽታው ለማስተማር ከሄዱት መልእክተኞች 8 ሰዎች ተገደሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር ወር ባወጣው መመሪያ ቀብሩ ከአደጋ የራቀ ብቻ ሳይሆን ክብር ያለው እንዲሆን፣ ቤተ ሰብና የሃይማኖት አባቶችም እንዲገኙበት አዘዘ። ወረርሽኙ በ2016 ዓ.ም. እስኪያበቃ ድረስ ከ11,300 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል።

5. የእግር ዝሆኔና የዘር ነገር በኢትዮጵያ

ከኩሩ ታሪክ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የኢትዮጵያ ጉዳይ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር ዝሆኔ ነው። በኢትዮጵያ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታው ከትንኝ የሚመጣው ዝሆኔ አለመሆኑን አስረዱ፤ የሚመጣው በደጋ አገር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ብዙ ዘመን ከመሄድ ነው። ጫማ በማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና አዘውትሮ በመታጠብ ይከለከላል፤ የታመመውም በዚሁ መንገድ ይረዳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ከተዘነጉት የቈላ አገር በሽታዎች መካከል ቈጠረው።

በዚሁ አፈር ላይ ከሚሄዱት መካከል አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ሆኖ መቅረቱ ግን ሊቃውንቱን ወደ ውርስ ጥናት መራቸው። በ2012 ዓ.ም. በወጣው ጥናት የመታመም ዝንባሌ በከፊል በዘር የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ በፎሬ አገር ስሕተት የነበረው «የዘር ነው» የሚል ቃል በዚህ አገር የእውነት ክፍል አለበት።

ይህ ቃል በባላገሩ ዘንድ ምን እንደሚሠራ ማሰብ ያስፈልጋል። ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ሽማግሌዎች ዘር ይቈጥራሉ፤ በቤተ ዘመዱ መካከል የሚፈራ ደዌ አለ ከተባለ ጤነኛዋ ልጅ ጭምር ባል ታጣለች። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰብ በሽተኛውን ይሸሽገዋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ምሳሌ የሚደብቀውን ሰው ይወቅሳል፤ ተመራማሪው ግን መደበቁ ከምን እንደሚያድን ይጠይቃል። በወላይታ የውርስ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ሰዎችን ስለ ፈቃድ አጠያየቅ ያማከረ ፈጣን ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ2009 ዓ.ም. ታትሟል። ሰዎቹ የፈሩት ጥናቱ ራሱ ነቀፌታውን እንዳያብሰው ነበር። ከዚህም የተነሣ አጠያየቁ ሕዝቡ በሚያምናቸው ሰዎች በኩል፣ በሽተኛውን ለይቶ በማያጋልጥ ቃል እንዲሆን ተመከረ። በዚህ ጉዳይ «ዝንባሌው በዘር ቢመጣም በሽታውን የሚያመጣው አፈሩ ነው፤ ጫማም ይከለክለዋል» የሚለው አነጋገር ከሌላው ቢመረጥ እውነትን ሳይሸሽግ ሰውን ከነቀፌታ ያድናል።

6. የሥራው አደጋና ኃላፊነት

ከሦስቱ ጉዳዮች ተመራማሪው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ወጥመዶች ይታያሉ።

አንደኛው ሁሉን ነገር በልማድ ማሳበብ ነው። የእግር ዝሆኔ በሽተኛ እግሩን በየቀኑ የማይታጠብ ከሆነ «አያውቅም» ማለት ይቀልላል። ነገር ግን ውሃው የሚቀዳው ሩቅ ከሆነ ወንዝ፣ በእንስራም በሴቶች ጀርባ ከሆነ፣ ሳሙናውና ጫማውም በገንዘብ የሚገኝ ከሆነ፣ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ውሃና ገንዘብ ነው። ተመራማሪው ይህን ሳይጽፍ ስለ እምነት ብቻ ቢጽፍ፣ ምንጭ ማውጣት ለሚገባው መሥሪያ ቤት ማምለጫ ሰጠው ማለት ነው።

ሁለተኛው የትእዛዝ አስፈጻሚ መሆን ነው። በጉሉም በጊኒም ባለሥልጣኖቹ መጀመሪያ የፈለጉት ሕዝቡን የሚያሳምን ሰው ነበር። ያስፈለገው ግን ባለሥልጣኖቹን ስለ ሬሳው ከረጢት የሚነግር ሰው ሆኖ ተገኘ። የዘመዶቹ ጥርጣሬ በምክር ብዛት አይጠፋም ነበር፤ የጠፋው የሟቹ ፊት ሲታይ ነው። ከፍተኛው ተመራማሪ ደመወዙን የሚቀበለው ከመሥሪያ ቤቱ፣ ዕውቀቱን የሚቀበለው ከባላገሩ ስለ ሆነ፣ የሁለቱንም ባለዕዳ ነው። ለመሥሪያ ቤቱ የማያስደስት ነገር ቢያገኝ እንኳ ያንኑ ጽፎ ማቅረብ ግዴታው ነው።

ግላስና ሊንደንባውም ወደ ፎሬ የሄዱት በዘር የሚወረስ በሽታን የሚያስረዳ ሐረግ ሊሰበስቡ ነበር። የተላኩበትን ብቻ ይዘው ቢመለሱ፣ «ወንድሜ» ያለውን ሁሉ ወንድም ብለው ቢጽፉ፣ መዝገቡ የሞላና የሚያምር ይሆን ነበር፤ ሕዝቡም በሌለበት የደም ጉድለት ተፈርዶበት በቀረ ነበር። «ወንድሜ ያልከው በአንድ እናት ነውን?» የምትለዋ ትንሽ ጥያቄ ግን ደዌውን ከሰዎቹ ደም አውጥታ ከድርጊት ላይ አኖረችው፤ ድርጊት ደግሞ ሊተው ይችላል። ሥራው በሕዝብ ጤና ጥበቃ ውስጥ ስፍራ ያገኘው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሳይሰለቹ፣ በየቤቱና በየሰው፣ ደጋግመው በሚጠይቁ ሰዎች ነው።